ሩብ የሚሰርቀው ጌጅ

የሥነ ምድር ተማሪዎች ከሚወጡባቸው የመስክ ጉዞዎች መካከል የዓባይ ሸለቆን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩም ሽቅብ ወደ ደጀን በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር፣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩ፣ ከዚያ በላይ ጂፕሰሙና የኖራ ድንጋዩ፣ ከሁሉም አናት ላይ ባዛልቱ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይታያሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናወጋው ግን ስለ ድንጋዮቹ አይደለም። ድንጋዮቹን ልናይ የሄድንበት አሮጌ ፒክ አፕ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ፣ ቀኑ ሲመሽ፣ ሰባት ሰው እንደጫነ ቀጥ ስላለበት ምክንያት ነው።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገራግጮ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዥ ኃይልም አብሮ ስለሚደክም ፔዳሉ ከጥቂት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሾፌራችን የእጅ ፍሬኑን ይዘው «ድንጋይ! ድንጋይ!» ሲሉ እኛም ዘለን ወርደን ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን፤ ከኋላችን ለሚመጡት ከባድ መኪናዎች ምልክት እንዲሆንም ቅጠል ቆርጠን ከመታጠፊያው በታች አስፋልቱ ላይ ጣል ጣል አደረግን። ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ አሁን ስናስበው የሚያሳፍር ነው። የናፍጣ ማጣሪያው ተፈታ፣ ውኃ አለው ተብሎ ተደፋ፣ ቱቦዎቹ አየር ስበው ይሆናል ተብሎ አንድ በአንድ ተፈተሹ። ነዳጅ አልቆ ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ምክንያቱም በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ሩብ ላይ ቆሟል። ሾፌራችንም ድልድዩን ስንሻገር ይህንኑ አይተው፣ «ይሄ ጌጅ ዱሮም ሩብ ይሰርቃል፤ ሩብ ካለ ግማሽ አለን ማለት ነው፤ አትሥጉ» ብለውን ነበር።

በመጨረሻ አንድ ተማሪ ከመኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅ ታንኩን በጠጠር ኳ ኳ አደረገው። ድምፁ የባዶ በርሜል ነበር።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር 10 ሊትር ናፍጣ በጀሪካን ሰጡን። ናፍጣ የጨረሰ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ አይነሣም። በመስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፕ እየገፉ፣ ብሎኑን ላላ እያደረጉ ማስወጣት ያሻል። ደጀን ስንገባ ሌሊት ሆኖ ነበር። ወደ አዲስ አበባ በተመለስን ማግስት ፒክ አፑን ከፋኩልቲው ጓሮ አቁመን፣ ጌጁ ለምን እንደዋሸን እንመረምር ዘንድ ተስማማን።

ጌጁ የሚለካው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የነዳጅ ጌጅ በታንኩ ውስጥ ያለውን ሊትር የሚቆጥር ይመስለዋል። በእርግጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በታንኩ ውስጥ ከአንድ ቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይነሣል፣ ዝቅ ሲል ይወርዳል። የክንዱ ሌላው ጫፍ በተለዋዋጭ ሬዚስተር ላይ የሚንሸራተት የብረት ምላስ ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ የክንዱ አቀማመጥ ወደ ኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ይለወጣል። ይህ ሬዚስታንስ በአንዲት ሽቦ ከዳሽቦርዱ ጌጅ ጋር ይገናኛል፤ መመለሻው በታንኩና በመኪናው ሻንሲ በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ነው። በጌጁ ውስጥ ኮረንቲው አንድ ቅንጣቢ ብረት ያሞቃል። ቅንጣቢው ሙቀት ሲያገኘው እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ በመሆኑ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም ቀስቱን ይገፋል። የአሮጌ መኪና ጌጅ ቁልፍ ሲከፈት ቀስ እያለ የሚወጣው፣ መንገዱም ሲያንገጫግጨው የማይዘልለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅንጣቢው እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ ቀስቱ የሚያሳየው የቅንጣቢውን ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከኮረንቲው፣ ኮረንቲው ከሬዚስታንሱ፣ ሬዚስታንሱ ከክንዱ፣ ክንዱ ከነዳጁ ከፍታ፣ ከፍታውም ከታንኩ ቅርጽ ጋር ተያይዞ ነው ወደ ሊትር የምንደርሰው። ከእነዚህ ቀለበቶች አንዱ ሲላላ ቀስቱ ሳይፈራ ሳያፍር የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

የሬዚስታንሱ ልክ ከአምራች አምራች ይለያያል። በብዙ የቆዩ የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ባዶ ታንክ 0 ኦም፣ ሙሉ ታንክ 90 ኦም ነው። በቆዩ ፎርዶች ተገላቢጦሽ ሆኖ ባዶው 73፣ ሙሉው 10 ኦም አካባቢ ነው። የእኛ ፒክ አፕም እንደ ፎርዶቹ ሲሞላ ሬዚስታንሱ የሚያንስ ሲሆን፣ በጥገና መጽሐፉ መሠረት ሙሉ ሲሆን 3፣ ግማሽ ሲሆን 32፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ያህል ነው። አንባቢ ይህን አቅጣጫ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ ላይ መላው ክርክር የተፈታው በእርሱ ነውና።

ሰንሰለቱን ከመሃል መክፈል

በጋራዥ የተለመደው አሠራር የተጠረጠረውን ዕቃ መቀየር ነው። ጌጁ ይቀየራል፤ ካልሆነ በታንኩ ውስጥ ያለው ይቀየራል፤ ካልሆነ ሽቦው። ለዕቃ ሻጩ መልካም ነው፤ ለባለ መኪናው ግን አይደለም። እኛ የመረጥነው ሰንሰለቱን ከመሃሉ ከፍሎ ጥፋቱ በየትኛው ወገን እንዳለ መጠየቅን ነው።

በመጀመሪያ አንድም ካቻቢቴ ሳናነሣ የሞተሩን ሙቀት ጠቋሚ አየን። በዚህ ዓይነት መኪና የነዳጁም የሙቀቱም ጠቋሚ ከአንድ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ነው የሚመገቡት። ማረጋጊያው የባትሪውን 12 ቮልት በአማካይ ወደ 7 ቮልት ያወርዳል። ማረጋጊያው ቢበላሽ ሁለቱም ጠቋሚዎች ባንድነት ከፍ ወይም ዝቅ ይሉ ነበር። የሙቀቱ ጠቋሚ ደኅና ስለሆነ ማረጋጊያው ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ በታንኩ አናት ላይ ያለውን የሽቦ ማያያዣ ነቀልን። ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ ባዶ ላይ ተኛ፤ ኮረንቲ የሚያልፍበት መንገድ ስለሌለ እንዲህ መሆን አለበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በአንዲት ትንሽ አምፖል በኩል በቀጥታ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር አገናኘን። አምፖሏ የምትገባው ኮረንቲው በዝቶ የጌጁን ቅንጣቢ እንዳያቃጥል ነው፤ ሽቦውን ያለ አምፖል ለረጅም ጊዜ ከሻንሲ ማነካካት ደኅናውን ጌጅ ይገድላል። ቀስቱ ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ወጣ። እዚህ ላይ እስከ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ቸኩለው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚህች አጭር ሙከራ ዳሽቦርዱም፣ ጌጁም፣ ረጅሙ ሽቦም ደኅና መሆናቸው ታወቀ። ጥፋቱ ከማያያዣው ወዲያ፣ በታንኩ ወገን ነው ማለት ነው።

12 ኦም

ማያያዣውን መልሰን ሰካንና፣ ቁልፉን ከፍተን፣ በቴስተር በታንኩ አናት ባለው ክዳን ብረትና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለካን። እነዚህ ሁለቱ በጥሩ ብረት የተገናኙ ስለሆኑ በመካከላቸው የሚኖረው ቮልቴጅ ከዜሮ እጅግም የማይርቅ መሆን ነበረበት። ያገኘነው 0.54 ቮልት ነበር። በሽቦው የሚያልፈውን ኮረንቲ ለብቻው ስንለካ 0.045 አምፔር ሆነ። (ማረጋጊያው ቮልቴጁን እየቆራረጠ ስለሚልክ የቴስተሩ ቁጥር ይዋዥቃል፤ የወሰድነው አማካዩን ነው።) ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠውን ሕግ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ 0.54 ለ0.045 ሲካፈል 12 ኦም ነው። መኖር ያልነበረበት 12 ኦም በመመለሻው መንገድ ላይ ተቀምጧል።

ቦታውን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም። ከታንኩ ወደ ሻንሲው የምትሄደው አጭር ሽቦ በአንዲት ብሎን ነው የታሰረችው፤ ከብሎኗ ሥር ዝገትና የደረቀ ጭቃ ተጋግሯል። ፈታን፣ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፣ ቅባት ቀብተን አሰርን። ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ስሌቱም ከሾፌራችን ልምድ ጋር ገጠመ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ጌጁ 3 ኦም ማየት ሲገባው 3 ሲደመር 12፣ ማለትም 15 ኦም ያያል፤ በዚህ ጌጅ 15 ኦም ሦስት አራተኛ ነው። «ሩብ ይሰርቃል» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር! ማደያ ሄደን ሞላን፤ ቀስቱ ለዓመታት ያልደረሰበት ሙሉ ላይ ደረሰ። ሾፌራችን ደስ ብሏቸው መሪውን መታ መታ አደረጉት። እኛም «ጥገናው ተጠናቋል» ብለን ለመፈረም ብዕር አንሥተን ነበር።

የተማሪው ጥያቄ

በዚህ ጊዜ ነው ከመካከላችን አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ዝገቱ እኮ ሬዚስታንስ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ያለው። ለጊዜው ነገሩ አልገባንም። አስረዳን። በዚህ መኪና ሬዚስታንስ ሲጨምር ቀስቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የዛገው ብሎን ጌጁን ካለው አሳንሶ እንዲናገር ያደርገዋል እንጂ ከሌለው አብዝቶ እንዲናገር ፈጽሞ ሊያደርገው አይችልም። ዓባይ ዳገት ላይ ግን ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ጌጁ ሩብ ብሏል። ያገኘነው ጥፋት እውነተኛ ጥፋት ነው፤ ያቆመን ጥፋት ግን እርሱ አይደለም።

ዝም አልን። ትክክል ነበር።

ታንኩን በጀሪካኖች ገልብጠን ባዶ አደረግነው። ይህን የሠራነው በሜዳ ላይ፣ ባትሪውን ፈትተን ነው። ናፍጣ ከእሳት ጋር ሲገናኝ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው ከ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው ቢባልም፣ የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪም ላይ ይቀጣጠላል፤ በታንክ አፍ ላይ ክብሪት ወይም ላይተር አብርቶ «ስንት ቀርቷል?» ብሎ ማየት በየመንደሩ የሰው ፊት ያቃጠለ ልማድ ነው።

ከዚያ ማያያዣውን ነቅለን በቴስተሩ የተለዋዋጩን ሬዚስተር ልክ እየተከታተልን በተለካ ዕቃ 5 ሊትር፣ 5 ሊትር እየጨመርን መዘገብን። ባዶ ታንክ 110 ኦም ማሳየት ሲገባው 47 አሳየ። 5 ሊትር ጨመርን፤ 47። 10 ሊትር፤ 47። 15 ሊትር፤ አሁንም 47። አራተኛው ሲጨመር ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ምንም እንከን እስከ 3 ኦም ወረደ። ሌላም ነገር አየን። መጽሐፉ 60 ሊትር ይይዛል ያለው ታንክ ከአሥራ አንደኛው 5 ሊትር በኋላ ሞልቶ ፈሰሰ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር ይናገራሉ። ተንሳፋፊው ከታች ያለውን ሲሶ መንገድ መውረድ አልቻለም፤ ከታንኩም 5 ሊትር ያህል ቦታ ጠፍቷል። ከመኪናው ሥር ተኝተን ቀና ስንል የምናየው ነገር እዚያው ነበር። የታንኩ ሆድ፣ መቼና የት እንደሆነ በማይታወቅ ድንጋይ ተመትቶ፣ ዐራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ጉብታው በትክክል ከተንሳፋፊው ሥር ነው። ነዳጁ በጉብታው ዙሪያ እያነሰ ወደ ባዶ ሲወርድ ተንሳፋፊው ግን ጉብታው ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ያን ሌሊት ድምፅ ልንሰማበት ያንኳኳነው ታንክ ነው፤ በጨለማ ስላየነው ሆዱን አላስተዋልነውም።

አሁን ሌሊቱን መልሰን ማስላት ይቻላል። ተንሳፋፊው ጉብታው ላይ ሲቀመጥ 47 ኦም፤ የዛገው ብሎን 12 ኦም፤ ድምሩ 59፣ ይህም በጌጁ ላይ ልክ ሩብ ነው። የሾፌራችን «ሩብ ጨምርበት» የሚል ደንብ ታንኩ ወደ ሙሉ ሲቃረብ ብዙም የማይስት፣ ለዓመታት የተፈተነ ደንብ ነበር። ከሲሶ በታች ግን ጌጁ ሥራውን አቁሟል፤ የሚሰርቀው ጌጅ የሚያበድር ሆኗል። ደንቡን እዚያ ላይ ሲጠቀሙበት በሌለ ነዳጅ ላይ ሌላ የሌለ ሩብ ጨመሩበት።

እጅግ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። ብሎኑን አጽድተን ያቆምነው ቀን ሥራው በዚያው ቢያልቅ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? 12 ኦሙ ስለጠፋ ጌጁ በባዶ ታንክ ላይ 47 ኦም ብቻ ያያል፤ ቀስቱ ሩብ ላይ መቆሙ ቀርቶ ሲሶ ላይ ይቆማል። ሙሉ ሲሆን ሙሉ የሚል፣ «ተጠግኗል» የተባለ፣ ሾፌሩም ተማሪውም የሚያምነው ጌጅ፣ ከጥገናው በፊት ከነበረው በበለጠ ይዋሻል። ሁለቱ ጥፋቶች እርስ በርስ በከፊል ይጣፉ ነበርና አንዱን ብቻ ማንሣት ሌላውን አጋነነው።

ታንኩን በብየዳ ለማቃናት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ባዶ የነዳጅ ታንክ ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ ቅርብ ነው፤ ውስጡ ትነትና አየር ተደባልቀው የሚገኙት በባዶው ነውና፤ ስለዚህ አልተስማማንም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ታንክ ተገዝቶ ተገጠመ። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ 5 ሊትር፣ 5 ሊትር የመጨመሩን ሥራ ከመጀመሪያው ደገምነው። ባዶው 108 ኦም፣ ሙሉው 4 ኦም አሳየ፤ ይበቃል።

ዳገት ላይ ያለ ነዳጅ

ምርመራውን ስናካሂድ «ዳገቱ ይሆናል ጌጁን ያሳሳተው» ያሉን ነበሩ። ሐሳቡ መሠረት አለው። ነዳጅ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወለሉን ሳይሆን አድማሱን ተከትሎ ይተኛል። አንድ ሜትር የሚረዝም ታንክ በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ሲሆን፣ ከመሃሉ እስከ ጫፉ ግማሽ ሜትር ስላለ፣ በኋላው ጫፍ ነዳጁ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ በፊተኛው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ታንኩ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ይህ ከጥልቀቱ 16 በመቶ ነው፤ ተንሳፋፊው ከጫፎቹ በአንዱ ቢሆን ጌጁ ዳገት ላይ አንድ፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ ይናገራል። የእኛው ግን ከታንኩ መሃል ስለነበረ ዳገቱ ጥፋተኛ አይደለም።

ዳገትና ነዳጅ የቆየ ጠብ አላቸው። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ የነዳጅ ፓምፕ አልነበረውም፤ ነዳጁ ከመቀመጫው ሥር ካለው ታንክ በራሱ ክብደት ነበር ወደ ሞተሩ የሚወርደው። ነዳጅ ሲያንስና ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ ከታንኩ በላይ ይሆንና ይጠማል፤ ባለ መኪናዎችም ዳገቱን ወደ ኋላ እየነዱ ይወጡት ነበር። ጌጅም ስላልነበረው መቀመጫውን አንሥቶ በታንኩ ውስጥ እንጨት መንከር ነበር መለኪያው። እንጨቱን መናቅ አይገባም፤ በእርሱና በነዳጁ መካከል የሚዝግ ብሎን የለም። በዛሬ ፒክ አፖች ግን የመሙያው አንገት ስለሚጠማዘዝ እንጨት አይደርስም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጥቂት ነው እንጂ። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሺህ አንድ የማይሞላ ያህል ይስፋፋል። በ10 ዲግሪ ማለዳ የተሞላ 60 ሊትር፣ ከሸለቆው ወለል 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ይጨምራል። በዚህ ጌጅ ላይ ይህ የቀስቱን ውፍረት እንኳ አያክልም።

አዳዲስ መኪናዎች የተንሳፋፊውን ምልክት በኮምፒዩተር ተቀብለው፣ የጥቂት ጊዜውን አማካይ ወስደው፣ የታንኩን ቅርጽ አስበው ነው ለቀስቱ የሚያስተላልፉት። በብዙዎቹ ግን ከታንኩ ውስጥ ያለው አሁንም ተንሳፋፊና ክንድ ነው፤ ከሥሩ ጉብታ ቢኖር ኮምፒዩተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የልኬታችንን ውጤት በትንሽ ወረቀት ጽፈን፣ ቀስቱ በየመስመሩ ላይ ሲሆን ስንት ሊትር እንዳለ እንዲያሳይ አድርገን፣ ከዳሽቦርዱ ጎን ለጠፍነው። ሾፌራችን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ አመሰገኑንም። በሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ቀስቱ ከግማሽ በላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ ማደያው ገብተው አስሞሉ።